የአሰልጣኙ እምነትና ተጠባባቂው ወንበር

ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ተጫዋቾቹ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ክብ ይሠራሉ። አንዱ ይጸልያል፤ የቀሩት «አሜን» ብለው ይበተናሉ። ሐዋሳም ሆነ ሆሳዕና ወይም ዲላ ኳስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከተመልካቹ የሚበዛው ከልቡ አብሮ አሜን ይላል። እኔም እላለሁ። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው በዚያ ክብ ውስጥ ቆሞ አሜን ማለት ስለማይፈልገው፣ ግን ስለሚለው አንድ ልጅ ነው።

ጌዴኦ ዞን ውስጥ እምነትና ስፖርት ጎረቤት የሆኑት ዛሬ አይደለም። አንዱ ምክንያት መሬቱ ነው። ዞኑ በስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ያለ ገደላማ አገር ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና ተደራርቦ ይበቅልበታል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ የአኗኗር ጥበብ ነው። ሰው በሰው ላይ ተጣቦ በሚኖርበትና ስንዝር መሬት በማይባክንበት አገር ኳስ የሚያስሮጥ ሜዳ ብርቅ ነው። ለጥ ያለ ቦታ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ወይም ጸሎት ቤት ያርፍበታል፤ ልጆችም ኳሳቸውን ይዘው ወደዚያው ይሄዳሉ።

ሌላው ምክንያት ሕዝቡ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከዞኑ ከ847 ሺህ በላይ ነዋሪ 73 ከመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ወደ ደቡብ የወረደው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ተከተለ። ዛሬ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት በዞኑ ያላቸው ሥር ጥልቅ ነው። ከቀሪው ሕዝብ ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩ፣ እንዲሁም በአባቶቹ እምነት ጸንቶ ማጌኖን የሚለምነው ይገኛል። በዞኑ ዋና ከተማ በዲላ አንድ ቡድን እነዚህን ሁሉ በአንድ ማሊያ ያሰልፋል።

ቤተ ክርስቲያን ወጣቱን በኳስ መያዝ እንደምትችል የተረዳችው ቀድማ ነው። የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማህበር (ወወክማ) ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ይዞት የመጣው ልማድ በአሜሪካ የተፈተነ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ እ.ኤ.አ. በ1891፣ መረብ ኳስ በ1895 የተፈለሰፉት በዚሁ ማህበር ቤት ነው። ደርግ ወወክማን ዘጋ፤ በደቡብም ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። ዘመኑ ሲለወጥ ነገሩ ተመለሰ። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ እዚሁ ኢትዮጵያ የተጀመረው ስፖርትስ ፍሬንድስ የተባለው ድርጅት ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የወጡ በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞችን እያሠለጠነ የሰፈር ቡድን እንዲመሠርቱ ያግዛል፤ ሥራውም ከኢትዮጵያ አልፎ ሌሎች አገሮች ደርሷል።

ይህን አሳንሶ የሚያይ ሰው የገጠር አሰልጣኝን ኑሮ አላየም። ደመወዝ የለውም። ኳሱ ሲቀደድ የሚሰፋው እሱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና ለቀማ ስለሆነ ልጆቹ ከልምምድ ሲቀሩ ቤት ለቤት እየዞረ ወላጅ የሚለምነው እሱ ነው። በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን እናትና አባት መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ኳስ አይደለም፤ አሰልጣኙ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ እግዚአብሔርን ይፈራል ወይ ብለው ነው። በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ሰው ሲሆን በሩ ይከፈታል። ጌዴኦ ዲላ በሴቶች ፕሪምየር ሊግ የዞኑን ስም ይዞ መጫወቱን ስናስብ፣ ከእያንዳንዷ ተጫዋች ኋላ አንድ ቀን «ትሂድ» ያለ ቤተሰብ እንዳለ ማስታወስ ተገቢ ነው። በብዙ ቦታ ያንን ቃል ያስገኘው የአሰልጣኙ ምግባር ነው። ምግባሩ ደግሞ ከእምነቱ የተቀዳ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የት አለ? ሥልጣኑ ላይ ነው። ማን እንደሚሰለፍና ማን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው አሰልጣኙ ነው። ይህ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት የሚደረግ ጸሎት፣ «የፈለገ ይምጣ» ቢባልም፣ ለልጁ ፈተና ይሆንበታል።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ተካሰውበታል። በዋሽንግተን ግዛት ብሬመርተን ከተማ ጆሴፍ ኬኔዲ የተባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አሰልጣኝ ከጨዋታ በኋላ ሜዳው መሐል ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር፤ ተጫዋቾችም ይከቡት ጀመር። ትምህርት ቤቱ ከለከለው፣ እሱ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2022 በ6 ለ3 ድምፅ ለአሰልጣኙ ፈረደ። በመዝገቡ ውስጥ ግን አንድ አባት የተናገረው አለ፤ ልጁ አምላክ የለም ባይ ሆኖ ሳለ ካልጸለየ የመሰለፍ ዕድሉ ይቀንሳል ብሎ ፈርቶ አብሮ ይቆም ነበር። የፍርዱ ሕጋዊ ትንታኔ ለአገሩ ሰዎች ይሁን። እኔ የዚያ ልጅ ፍርሃት እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዲላ ውስጥም እንዲህ የሚፈራ ልጅ እንደማይጠፋ አልጠራጠርም።

እዚያው አገር በእምነት ላይ የታነጸ አሰልጣኝ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ የቆየ ታሪክም አለ። ብራንች ሪኪ አጥባቂ ሜቶዲስት ነበር፤ እሑድ ሜዳ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1903 ገደማ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ የኦሃዮ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን አሰልጣኝ ነበር። ቤዝቦል እኛ አገር በፊልም እንጂ በሜዳ የማናውቀው፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ቡድኑ ለጨዋታ ወደ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ሲሄድ ሆቴሉ ቻርልስ ቶማስ የተባለውን ጥቁር ተጫዋች አላሳድርም አለ። ሪኪ ተከራክሮ ልጁን የራሱ ክፍል አስገባው። ቶማስ ማታ እያለቀሰ የእጁን ቆዳ ሊልጥ እንደሚፈልግ ሲፈትገው ማየቱን ሪኪ ዕድሜውን ሁሉ ሲያወሳ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1947 የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ሆኖ ጃኪ ሮቢንሰንን በማሰለፍ የዘር አጥሩን ያፈረሰው ይኸው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የክርስቲያን አትሌቶች ኅብረት ሲቋቋምም ደጋፊ ነበር። ብዙ ሰው ከሪኪ የሚያስታውሰው እሑድ አለመጫወቱን ነው። ለእኔ የሚበልጠው ግን ያ የሆቴል ክፍል ነው።

ወደ ዲላ እንመለስ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. በኮሌጅነት ተጀምሮ ለዩኒቨርሲቲነት የበቃ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ስፖርት ሳይንስም ያስተምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ እንደ አሜሪካ የግል ኮሌጆች የዩኒቨርሲቲውን ቡድን በይፋ በእምነት ላይ ላዋቅር ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም። የተማሪው እምነት ግን ቦታ አላጣም፤ ኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ ወንጌላዊው ኅብረት፣ ሙስሊሙ ጀመዓ አለው። ቡድኑ የእነዚህ የጋራ ሜዳ መሆን አለበት።

የአሰልጣኙ እምነት የሚፈተነውም በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ኦርቶዶክሱ ተጫዋች ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ማታ ውኃ አይቀምስም። አድቬንቲስቱ ቅዳሜ አይጫወትም፤ ቃለ ሕይወቱ እሑድ ጠዋት ጸሎት ቤት ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ከባድ ሩጫ የሚያዝ አሰልጣኝ ሁለት ሦስት ልጆችን ባዶ ሆዳቸውን እያስሮጠ ነው። የሚያውቅ አሰልጣኝ ከባዱን ልምምድ ወደ ሐሙስ ይገፋዋል፤ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣል፤ ቅዳሜ የማይመጣውን ልጅ «ዲሲፕሊን የለውም» ብሎ አይቀጣውም። ማንም ሳይሰብክ ልጆቹ እርስ በርስ የሚከባበሩት እንዲህ ባለ አሰልጣኝ ሥር ነው።

አትሌቶቻችን ይህን ነጻነት በዓለም ፊት ኖረውታል። መሠረት ደፋር ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 በ5,000 ሜትር አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ፊቷ ላይ አደረገች። አልማዝ አያና ሪዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የ10,000 ሜትር ውድድርን በ29:17.45 ሮጣ ክብረ ወሰን ስትሰብር ስለ ዶፒንግ ጥርጣሬ ተጠይቃ መልሷ ልምምዷና ኢየሱስ ሆኑ። ሁለቱም የፈለጉትን አድርገዋል፤ ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም ከቡድን አላስቀራቸውም። እምነታቸው ደስ የሚለኝም ስለዚህ ነው።

ጌዴኦ ላይ ጉዳዩ ከጨዋታም ያልፋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ገደብና ይርጋጨፌ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኖችና ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱባቸው ግቢዎች በሸራ ተሞሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ በጎንዶሮ የሚታረቁበት ሥርዓት አላቸው፤ ሽማግሌዎቹም ያውቁበታል። የሽማግሌ እርቅ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በየቀኑ የሚኖርበት ቦታ ይፈልጋል። በጠረፍ ወረዳዎች የጌዴኦና የጉጂ ልጆች የተቀላቀሉበት ቡድን የሚይዝ አሰልጣኝ፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ሰው ቢሆን፣ ወላጅ ሁሉ የሚያምነው መሆን አለበት።

የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ቤተ እምነቶቹና ዩኒቨርሲቲው ተቀምጠው አንድ ገጽ ደንብ ቢጽፉ ብዙው ነገር ይቃለል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሜዳ የሚጫወት ልጅ እምነቱ አይጠየቅ። በመንግሥት ቡድን ውስጥ የፈለጉ ተጫዋቾች በራሳቸው ይጸልዩ፣ አሰልጣኙ ግን አይምራ፣ ማን እንደመጣም አይቁጠር። የልምምድና የጨዋታ ሰዓት ሲወጣ የሁሉም የጾምና የአምልኮ ቀን ይታይ። ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ የመመዝገቢያ መታወቂያ ስለሌለው ከቡድን አይቅር። የመጨረሻው ነጥብ ነገ ሊጀመር የሚችል ነው፤ የሚያስፈልገው አንድ የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ነው።