ለጣትና ለጆሮ የተሠራው ማጫወቻ

የካሴት ዘመንን ያየ ሰው ማጫወቻውን አሳምሮ ያውቀዋል። ካሴቱን ያስገቡታል፣ ክዳኑን ይገጥሙታል፣ ቁልፉን ይጫኑታል፤ ሲያልቅ ገልብጠው ሌላውን ገጽ ያስቀጥሉታል። ክሩ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከሩ ማጥበቅም የቤቱ ሁሉ ሙያ ነበር። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ማጫወቻ መልኩ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ጠባዩ ግን ለየት ይላል። በሁለት ገጽ ፈንታ አራት ገጽ ያጫውታል። ክሩን የሚነዳው በተለመደው ፍጥነት ግማሽ ነው። ባለቤቱም አድማጩ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት ነው። ስሙ ሲ-1 ይባላል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች በነፃ ሲያውሰው የነበረ መሣሪያ ነው።

ከሸክላ ወደ ካሴት

ድምፅን ቀርጾ ማስቀመጥ ከተቻለበት ጊዜ ጀምሮ ዓይነ ስውራን ታስበዋል። ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፉን በሠራ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መሣሪያው ይሰጣል ብሎ ከዘረዘራቸው አገልግሎቶች አንዱ ለዓይነ ስውራን የሚናገር መጽሐፍ ነበር። ሐሳቡ መሬት እስኪነካ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወሰደ። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1931 የፈረሙት የፕራት-ስሙት ሕግ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በዓመት 100,000 ዶላር መደበና ለጎልማሳ ዓይነ ስውራን መጻሕፍት እንዲያቀርብ አዘዘው።

መጀመሪያ የቀረቡት የብሬል መጻሕፍት ነበሩ። ብሬል ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ላልተማረው ሰው ቀላል አይደለም። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ዓይኑን ያጣ ሰው ጣቱን ለነጥቦቹ እስኪያለማምድ ብዙ ይደክማል፤ ብዙዎቹም ከናካቴው አይሆንላቸውም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን መጽሐፍን በሸክላ ወደ መቅዳት ፊቱን አዞረ። ሥራውን የመራው ሮበርት ኧርዊን ራሱ በልጅነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚሽከረከሩት ሸክላዎች ለአንባቢ ደረሱ። በዚህ ፍጥነት የሚሽከረከር ሸክላ ለሙዚቃ ገበያ በስፋት መውጣት የጀመረው በ1948 ነው፤ ዓይነ ስውራን አንባቢዎች ሌላውን ሕዝብ በ14 ዓመት ቀድመውታል ማለት ነው።

ሕጉም ቀስ በቀስ ሰፋ። በ1952 “ጎልማሳ” የሚለው ገደብ ተነሥቶ ሕፃናት ተካተቱ። በ1966 ደግሞ በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ መያዝም ሆነ ገጽ መግለጥ የማይችሉ ሰዎች የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ሆኑ።

የአራት ገጽ ስሌት

የሸክላው ችግር ብዛቱና ክብደቱ ነበር። አንዱ ገጽ የሚይዘው 15 ደቂቃ ያህል ነው። 24 ሰዓት የሚፈጅ ልብ ወለድ 48 ሸክላ ይፈልጋል፤ አድማጩም በየሩብ ሰዓቱ ከመቀመጫው መነሣት አለበት። ኋላ ላይ ሸክላዎቹ ቀስ ብለው እንዲሽከረከሩ እየተደረገ ጊዜው ቢረዝምም፣ መፍትሔው የመጣው ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1963 ባስተዋወቀው ካሴት ነው።

ተራ ካሴት ላይ ክሩ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ባለ 90 የሚባለው ካሴት በዚህ ፍጥነት በእያንዳንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ይጫወታል። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው 2.38 ሳንቲ ሜትር አደረሱት፤ 45ቱ ደቂቃ 90 ሆነ። ሁለተኛ፣ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላውን የክሩን ስፋት ለአራት ቀጫጭን መስመሮች አከፋፈሉት። ለሙዚቃ ሲሆን ሁለቱ መስመሮች በአንድነት፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ ጆሮ ይጫወታሉ። እዚህ ግን እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ ገጽ ሆነ። አራት ጊዜ 90 ደቂቃ ስድስት ሰዓት ነው። ያ የ48 ሸክላ ልብ ወለድ በአራት ካሴት አለቀ።

ይህ ቁጠባ ዋጋ አለው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ይጠፋል። ክራርና ማሲንቆ በዚህ ክር ላይ ለዛቸውን ያጡ ነበር። አንድ ሰው ሲያነብ ለመስማት ግን ይበቃል።

ሌላም ጥቅም ነበረው። እንዲህ የተቀዳ ካሴት በተራ ማጫወቻ አይሰማም፤ ቢከቱት በእጥፍ ፍጥነት የሚንጫጩ ሁለት ድምፆች ተደራርበው ይወጣሉ። ደራሲያንና አሳታሚዎች “መጽሐፋችን በነፃ ተባዝቶ ገበያችንን ይዘጋብናል” የሚለው ሥጋታቸው በዚህ ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ማሻሻያም ለዓይነ ስውራን ብቻ ተብሎ በተለየ ቅርጽ የሚዘጋጅ ቅጂ የባለመብቱን ፈቃድ እንዳይጠብቅ አደረገ።

አጠቃቀሙ

ሲ-1 ጠረጴዛ ላይ ተንጋልሎ የሚቀመጥ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሳጥን ነው። የካሴቱ ክዳን ከላይ ነው፤ ትልልቆቹ ቁልፎች በአንባቢው በኩል፣ ከፊት ተደርድረዋል። ለማጫወት፣ ለማቆም፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለማጠንጠን፣ ክዳኑን ለመክፈት አንዳንድ ቁልፍ አለ። ድምፅ መጨመሪያው፣ ድምፁን ማወፈሪያና ማቅጠኛው፣ እንዲሁም የንባቡ ፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚንሸራተቱ ናቸው። ይህ ያለ ነገር አልተመረጠም። የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ የት ላይ እንዳለ ጣት ሲነካው ይታወቃል፤ ማየት ሳያስፈልግ ግማሽ ላይ ይሁን ዳር መድረሱ ይለያል። በማብራት ብቻ ሥራውን የሚናገር ነገር እዚህ ቦታ የለውም።

ሥራው ሲጀመር ካሴቱ የብሬል ምልክቱ ወደ ላይ፣ ክሩ የሚታይበት ክፍት ጠርዝ ወደ አንባቢው ሆኖ ይገባል። ገጽ መምረጫው 1-2 ላይ፣ ፍጥነት መምረጫው ግማሹ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ የማጫወቻው ቁልፍ ይጫናል፤ ተራኪው የመጽሐፉን ርዕስና የደራሲውን ስም ተናግሮ ወደ ንባቡ ይገባል።

አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ተራኪው ራሱ ይናገራል፤ ማሽኑም እየጮኸ ያሳውቃል። ካሴቱ ይገለበጥና ሁለተኛው ገጽ ይቀጥላል። ጀማሪን የሚያደናግረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሁለተኛው ገጽ ሲያልቅ ካሴቱ እንደገና ይገለበጣል፤ ገጽ መምረጫው ግን ወደ 3-4 መዞር አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው ከሦስት ሰዓት በፊት የሰማውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ይሰማል። በተቃራኒው፣ አዲስ ካሴት አስገብቶ መምረጫውን ወደ 1-2 ያልመለሰ ሰው ታሪኩን ከመሐል ይጀምራል፤ ገዳዩ ከተያዘ በኋላ ሟቹን ይፈልጋል።

የገጾቹ ቁጥር ተጋማሽ መሆኑም አንድ በረከት አለው። አራተኛው ገጽ ሲያልቅ ክሩ ተጠንጥኖ የሚገኘው አንደኛው ገጽ መነሻ ላይ ነው። ተነብቦ ያለቀ ካሴት ማንም ወደ ኋላ ሳያጠነጥነው ለሚቀጥለው አንባቢ ዝግጁ ሆኖ ይመለሳል።

መገልበጡም ሆነ መምረጡ ለሚያስቸግራቸው፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን በተለይ፣ ኢ-1 የሚባል ሌላ ማጫወቻ ተሠርቷል። አራቱንም ገጽ በራሱ እያቀያየረ ይጨርሳል።

ጥሩ አንባቢ ሁልጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያነብም፤ ተማሪ ደግሞ “ምዕራፍ ሰባትን” ብሎ ነው የሚነሣው። ለዚህም መላ ተገኝቷል። ምዕራፍ በሚጀምርበት ቦታ ክሩ ላይ በጣም ወፍራም፣ ንባቡ ሲሰማ ጆሮ የማይለየው ድምፅ ይቀዳል። አንባቢው ማጠንጠኛውን ሲጫን ክሩ በፍጥነት ስለሚያልፍ ያ ወፍራም ድምፅ ቀጥኖ “ጢጥ” ይላል። ጢጥታውን እየቆጠሩ የፈለጉት ምዕራፍ ላይ ማቆም ነው። ፍጥነት መቆጣጠሪያውን የለመደ ተማሪ ደግሞ ንባቡን አፍጥኖ የ90 ደቂቃውን ገጽ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። የተራኪው ድምፅ ይቀጥናል፤ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ክሩ ሲላላ

ክሩ ቀጭን፣ መስመሮቹ ጠባብ በመሆናቸው ማጫወቻው ቆሻሻ አይወድም። ክሩን የሚያነበው ሄድ ላይ አቧራ ሲጠራቀም ንባቡ ይታፈናል፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ ሲወለወል ይጠራል። ከጎን ያለው ገጽ ሾልኮ በሹክሹክታ የሚሰማበት ጊዜም አለ። ንባቡ ሲንቀረፈፍ ካሴቱን አውጥቶ መዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግ፣ አንድ ጊዜም ወደ ፊት ወደ ኋላ ማጠንጠን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ባትሪው ስለሚሞላ መብራት ቢጠፋም ንባቡ አይቋረጥም።

ከዚህ ያለፈውን ብልሽት የሚጠግኑት ብዙውን ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ከ1960 ጀምሮ በስልክ ኩባንያዎች የሠሩ፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ሠራተኞች በማኅበራቸው ተደራጅተው ማጫወቻዎቹን ያለ ክፍያ ሲጠግኑ ኖረዋል።

ካሴቶቹ የሚመጡት በፖስታ ነበር። አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ የአንባቢው አድራሻ ያለበት ካርድ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ካርዱን ሲገለብጠው የቤተ መጻሕፍቱ አድራሻ ይወጣ ነበር፤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ መክተት ብቻ ነበር። ቴምብር አያስፈልግም ነበር፤ የዓይነ ስውራን ንባብ በአሜሪካ ፖስታ በነፃ ይጓዛል።

የተራኪው ድርሻ

ማሽኑ የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚሰማው የሰው ድምፅ ነው። አሌክሳንደር ስኩርቢ የተባለው ተዋናይ ከ400 በላይ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን ተርኳል፤ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን ማንበቡ በተለይ ይታወቃል። የተራኪን ድምፅ ዋጋ ለኛ ሰው ማስረዳት አያሻም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሲተርክ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም እኩል ሰምቶታል፤ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩም እኩል አንባቢ ሆነዋል። ልዩነቱ ሬዲዮ በራሱ ሰዓት መጥቶ በራሱ ሰዓት መሄዱ ነው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎቻችን ለዚህ ሲሉ ጓደኞቻቸው ያነበቡላቸውን መጽሐፍ በተራ ቴፕ እየቀዱ አጥንተዋል። ምዕራፍ የሚጠቁም ጢጥታ፣ በፖስታ የሚመጣ ሳጥን፣ የተበላሸውን የሚጠግን ማኅበር ግን አልነበራቸውም።

ከካሴቱ በኋላ

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ካሴቱ ቦታውን ለዲጂታል ማጫወቻ ለቀቀ። አሁን አንድ መጽሐፍ ሙሉውን አንዲት ትንሽ ካርትሪጅ ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑም ሰማያዊ ሆኗል። ባርድ በሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት መጽሐፉን በስልክ ማውረድም ይቻላል። ገጽ መምረጫ የለም፤ የሚላላ ክር የለም። በጣት የሚለዩት ትልልቅ ቁልፎች ግን አልቀሩም።

የሲ-1 ትምህርት ከማሽኑ ይሰፋል። ሕጉ ባይወጣ፣ ፖስታው ነፃ ባይሆን፣ ጡረተኞቹ ባይጠግኑ፣ ተራኪዎቹ ባያነቡ ሳጥኑ ብቻውን ምንም ባልሆነ ነበር። በእኛም አገር አንዱ ምሰሶ ቆሟል። ለዓይነ ስውራን የሚሆኑ ቅጂዎች ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጁና ድንበር እንዲሻገሩ የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀላቅላዋለች። የቀረው አንባቢ ድምፅና አድራሽ እጅ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በስኳር በሽታ ወይም በግላኮማ ምክንያት ፊደል መለየት ያቃታቸው እናት ወይም አባት ካሏችሁ አገልግሎቱ ለእነርሱም ነው። ፈጽሞ ማየት መሳን ግዴታ አይደለም፤ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ አለመቻል ይበቃል። በምትኖሩበት ስቴት ያለውን የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ጠይቃችሁ ማመልከቻውን ሙሉላቸው። ማጫወቻውም፣ መጽሐፉም፣ ፖስታውም በነፃ ነው።