ከሽፋኑ ሥር ያለው ማጭድ

ቦሪ ላይ፣ በኬንያው ሞያሌ በኩል፣ ሣር የከብት ነው። ሰው ሰማይ ሰማዩን የሚያየው ለሣሩ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የከብት በረት እንዴት እንደተራቆተ የረሳ የለም። እንዲህ ባለ አገር ሣር ለማሳጠር ብቻ የተሠራ ማሽን ሲያጓራ መስማት ግር ይላል። ማሽኑን ስገፋ ያዩኝ አንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ለማን ነው የምታጭደው?» አሉኝ። «ግቢው የእባብ መደበቂያ እንዳይሆን ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ይህን ተቀበሉ። ማሽኑን ግን ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ፣ «ስለቱ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ስለቱ አይታይም። ጣትና እግር ያሳጣ አደጋ ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ማጭድ የያዘን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ግራ እጁ ሣሩን ሰብሰብ አድርጎ ይጨብጣል፤ ቀኝ እጁ ስለቱን ወደ ራሱ ይስባል። የተያዘ ሣር መሸሻ የለውም፤ ስለዚህ ማጭድ ፍጥነት አይፈልግም። እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን ሲሠራ፣ ሐሳቡን ያገኘው የሱፍ ጨርቅን ፀጉር ከሚከረክም የፋብሪካ መሣሪያ ነበር። በእሱ ማሽን የሚሽከረከሩት ስለቶች ሣሩን ከታች ካለ የማይንቀሳቀስ ስለት ጋር አገናኝተው እንደ መቀስ ይቆርጡታል። እዚያም ቢሆን ሣሩን የሚይዝለት ነገር አለ። ዛሬ በየግቢው የምናየው ባለሞተር ማጨጃ ግን ከሥሩ አግድም የሚሽከረከር አንድ ጠፍጣፋ ብረት ብቻ ነው ያለው። ሣሩን የሚጨብጥ ግራ እጅ የለውም። ሣሩ ጎንበስ ብሎ ሳያመልጥ የሚደርስበት በፍጥነት ብቻ ነው።

ፍጥነቱን እናስላው። ስለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ ጫፉ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከኢሲዮሎ ሞያሌ በተዘረጋው አስፋልት ላይ እንዲህ የሚሮጥ መኪና የለም። ይህን ፍጥነት ከእኛ የሚለየው አንድ የላሜራ ሽፋን ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዴክ ይሉታል።

ሽፋኑ እግራችንን ከመጠበቅ ሌላም ሥራ አለው። የስለቱ ጫፎች በስተኋላቸው እንደ ክንፍ ወደ ላይ ታጥፈዋል። ስለቱ ሲዞር በሽፋኑ ውስጥ ነፋስ ይፈጥራሉ፤ ነፋሱ የተኛውን ሣር ስቦ ያቆመዋል፣ የተቆረጠውንም በጎን በኩል ባለው መውጫ ይተፋዋል። እርጥብ ሣር ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ የነፋሱ መንገድ ይጠባል። ያኔ ማሽኑ ሣሩን በጉብታ በጉብታ እየጣለ ይሄዳል፤ ሞተሩም ያቃስታል። ብዙ ሰው ሞተሩ አረጀ ብሎ መካኒክ ይጠራል፤ ሽፋኑን ገልብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ያ የተለጠፈ ሣር እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ላሜራውን በዝገት ይበላዋል። የተበላ ላሜራ ደግሞ ድንጋይ አይመልስም።

የጎን መውጫው መከለያ ሳይኖረው ማጨድ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። መከለያው ተሰብሮ ነበርና፣ ለዛሬ ብቻ ብዬ ያለ እሱ አስነሣሁት። አንድ ጠጠር ጠቅ ሲል ሰማሁ። ዞር ስል፣ ከአሥር እርምጃ በላይ ርቆ የቆመ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በአንድ ጎኑ ተበስቶ ውሃው ይፈሳል። ቀዳዳው ከሕፃን ጉልበት ትይዩ ነበር። ወዲያውኑ ሞተሩን አጠፋሁ፤ አዲስ መከለያ እስኪገኝም ሣሩ እንዳለ ቆየ።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ ከሁሉ በፊት ካንዴላው ነው። በሚገፋ ማሽን ላይ ስለቱ በቀጥታ የታሰረው ከሞተሩ ዘንግ ጋር ስለሆነ፣ ስለቱን በእጅ ማዞር ሞተሩን ማዞር ማለት ነው። ሞተሩ ትኩስ ከሆነና ካንዴላው ብልጭታ ከሰጠ፣ ጠፍቷል ያልነው ማሽን ጣታችን ከውስጥ እያለ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የካንዴላው ገመድ ይነቀልና ተመልሶ እንዳይነካው ራቅ ተደርጎ ይታሰር። በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት መካኒኮቻችን የወሰዱት ከጣሊያንኛ ነው፤ ኬንያ ውስጥ ደግሞ ካንዴላ የሚባልበት ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣው ፕላግ ነው። ሞያሌ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ማሽን ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ለሚያግዘኝ ልጅ «ካንዴላውን ንቀል» ብዬ አላልፍም፤ በጣቴ አሳየዋለሁ፣ ሲነቅለውም ቆሜ አያለሁ።

ማሽኑ ሲጋደም የአየር ፊልትሮውና ካርቡሬተሩ ያሉበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት። በተቃራኒው ከተጋደመ ዘይቱ ወደ ፊልትሮው ይወርድና በማግስቱ ግቢው በነጭ ጭስ ይሞላል። የተጋገረውን ሣር በእንጨት ፍቆ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ማድረቅ በቂ ነው። ያን ጊዜ ላሜራው እርቃኑን ስለሚታይ ስንጥቅ ይፈለግ፤ በተለይ ሞተሩ በታሰረባቸው ቡሎኖች ዙሪያ።

ስለቱን በተመለከተ፣ እንደ ምላጭ መሳል ያለበት ይመስለን ይሆናል። አይደለም። በጣም የቀጠነ አፍ ጠጠር ሲነካው ይሸረፋል። የሚበቃው ቀድሞ የተሳለበትን ጎን ብቻ በሞረድ፣ በ30 ዲግሪ ገደማ፣ ማቅናት ነው። የደነዘ ስለት ሣሩን ስለሚቦጭቀው ጫፉ በማግስቱ ነጣ ብሎ ይደርቃል፤ ሜዳው ውሃ የጠማው ይመስላል። ከሞረዱ በኋላ ግድግዳ ላይ ምስማር መትቼ ስለቱን በመሐል ቀዳዳው አንጠለጥለዋለሁ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ያ ጎን ይከብዳልና፣ ቀጥ እስኪል ድረስ እሱን ትንሽ እሞርደዋለሁ። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚዞር ብረት ሚዛኑ ትንሽ ከተዛባ ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ ዘንጉና ሽፋኑ ይጎዳሉ። ስለቱ ሲመለስ የታጠፉት ክንፎች ወደ ሽፋኑ ያያሉ። ተገልብጦ የታሰረ ስለት ሲዞር ይውላል እንጂ ሣር አይቆርጥም።

አንድ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል፦ ከእጀታው ጋር ተጨብጣ የምትያዘውን ዘንግ በሽቦ ማሰር። ያቺ ዘንግ ስትለቀቅ ስለቱ ይቆማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ገፊው ከለቀቀበት ጊዜ ጀምሮ በ3 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ያስገድዳል። እጅ ይደክማል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው አዳልጦት ሲወድቅ እጁ የሚለቀው ያለ ትእዛዝ ነው፤ ሽቦ ግን አይለቅም። ያሰራችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ፍቱት። ነጠላ ጫማም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማሽኑን ወደ ራስ እየሳቡ ማጨድም እግርን ወደ ስለቱ መጋበዝ ነው።

ሽማግሌው በሌላ ቀን ተመልሰው መጡ፤ የታጨደውን ለጥጆቻቸው ይዘው ለመሄድ። ሣሩን ከምረው እንዳያቆዩት ነገርኳቸው፤ የተከመረ እርጥብ ሣር ቶሎ ይግልና ይበላሻል። የሽቦን ነገር ግን እኔ ሳልጀምር እሳቸው ያውቁት ነበር። ሣር ውስጥ የተረሳ ሽቦ በስለቱ ከተከተፈ ከሣሩ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ላም ስትውጠው ሆዷን ወግቶ ከጎኑ እስካለው ልቧ ሊደርስ ይችላል። አሁን ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ግቢውን አብረን እንዞራለን። እኔ ጠጠርና አጥንት እለቅማለሁ። እሳቸው በበትራቸው ጫፍ ሣሩን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ ያገኙትን ሽቦ ጎንበስ ብለው አንሥተው ኪሳቸው ይከታሉ።