የስልኩ ጥሪና የዕዳው ወረቀት

በአሽቀሎን አዲስ ገብተው የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንን ከሚያስጨንቁ ጉዳዮች አንዱ ያላሰቡት ዕዳ ነው። ነገሩ ባብዛኛው በስልክ ይጀምራል። ጨዋ ድምፅ ያለው ሰው ይደውልና ስለ ስልክ መስመር፣ ስለ ቴሌቪዥን ወይም ስለ ውሃ ማጣሪያ በፈጣን ዕብራይስጥ ያወራል። እኛም ሰውን ማሳፈር ስለማንወድ «ኬን፣ ኬን» እንላለን። በመካከሉ የመታወቂያ ቁጥራችንንና የባንክ ሒሳባችንን እንሰጣለን። ከዚያ በኋላ በሆራአት ቄቫ በየወሩ ገንዘብ ይቆረጣል።

ይህ ግን ያለቀለት ነገር አይደለም። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ የተደረገን ግዢ ማንም ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። ለአዲስ ገቢ ደግሞ የበለጠ ጊዜ አለው። ቴኡዳት ዖሌ ከተሰጠው 5 ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር የተፈጸመ ከሆነ፣ በ4 ወር ውስጥ ሊሰርዝ ይችላል። አራቱ ወር የሚቆጠረው ውሉ ከተደረገበት ወይም ዕቃው አለዚያም የውሉ ዝርዝር ከደረሰበት ቀን፣ ከዘገየው ጀምሮ ነው። በሕጉ ተለይተው የወጡ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ቢሆንም ብዙው ግዢ በዚህ ይሸፈናል። ዕቃው ጉድለት ሳይኖርበት ለሚሰርዝ ሰው የሚቆረጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ስለዚህ የ600 ሸቅል ግዢ ቢሰረዝ የሚቆረጠው 30 ሸቅል ብቻ ይሆናል። መሰረዙን በጽሑፍ ላኩ፤ ግልባጩንም አስቀምጡ።

ጊዜው ካለፈና ዕዳው ወደ ጠበቆች እጅ ከገባ ከሆጻኣ ለፖዓል፣ ማለት ከዕዳ አስፈጻሚው ቢሮ፣ «አዝሃራ» የሚባል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ብዙ ቤት ውስጥ ይህን ወረቀት የሚያነበው የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ልጁ ይፈራል፣ ወላጅም ያፍራል፣ ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የሚጎዳው ይኸው ነው። ዕዳውን የምንቃወምበት ቀን በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ጊዜውም አጭር ነው። ካለፈ በኋላ ባንክ ሒሳብ ሊታገድ፣ ከደመወዝም ሊቆረጥ ይችላል። ጎንደር ላይ ባለዕዳና አበዳሪ በሽማግሌ ፊት ይታረቁ ነበር፤ እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል።

የጠበቃው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተቃውሞውን በቀኑ ያስገባል። ኩባንያውን «የተፈረመውን ውል አሳየኝ፣ የንግግሩን ቅጂ አሰማኝ» ይለዋል። ዕዳው እውነተኛ ከሆነ ደግሞ እንደ አቅማችን በየወሩ እንድንከፍል ይጠይቃል። ጨርሶ መክፈል ለማይችል ሰው በመስከረም 2019 ሥራ ላይ የዋለው የዕዳ መቋቋሚያ ሕግ አለ። ለዘመድ ዋስ ሆነው የፈረሙም ሕግ አላቸው፤ ከ1992 ወዲህ አበዳሪ ብዙ ጊዜ ዋሱን ከመንካቱ በፊት ባለዕዳውን ራሱን መጠየቅ አለበት። ለዘመድ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው በስማችን ሌላ ሰው የሚገባው ዕዳ ነው። የመታወቂያችንን ፎቶ የያዘ ሰው መስመር ሊያወጣ፣ ብድርም ሊጠይቅ ይችላል። ያልገዛችሁትን ነገር ዕዳ የሚጠይቅ ደብዳቤ ቢመጣ በዚያው ቀን ለባንኩና ለካርድ ድርጅቱ አሳውቁ፤ ለፖሊስም አመልክቱና የማመልከቻውን ወረቀት ተቀበሉ። ጠበቃው በዚያ ወረቀት ላይ ተመርኩዞ ዕዳው የእናንተ እንዳልሆነ ይጽፋል። ከ2019 ጀምሮ ማንም ሰው በስሙ ምን ብድር እንዳለ የሚያሳይ ዘገባ ከእስራኤል ባንክ በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው ከፍትሕ ሚኒስቴር «ሲዩዓ ሚሽፓቲ» የነጻ ጠበቃ ሊጠይቅ ይችላል፤ የደቡቡ ቢሮ ያለው በቤርሼባ ነው። በ2000 የተቋቋመውና ስሙ ራሱ አማርኛ የሆነው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅትም የኢትዮጵያውያንን ጉዳይ ያያል። ስትሄዱ ቴኡዳት ዖሌውን፣ የሦስት ወር የባንክ ዝርዝርና የመጣውን ደብዳቤ ከነፖስታው ያዙ። ፖስታውን አትጣሉት፤ ወረቀቱ መቼ እንደተላከ ከማኅተሙ ሊታወቅ ይችላልና።