ውሃ ሲሸከም

እናቶች! ሙሉ እንስራ ምንጭ ውስጥ እያለ ይቀላል። ከውሃው ሲወጣ ግን ይከብዳል። ለምን? ውሃ ዕቃን ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው። የሰውንም ገላ እንደዚሁ ይገፋል።

እግሩ የሰለለ ልጅ መሬት ላይ መቆም ያቅተዋል። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቆሞ መራመድን ይለማመዳል። ውሃው ለብ ካለ የተኮማተረው ጡንቻ ይላላል።

በአሜሪካ አገር፣ በጆርጂያ፣ ዋርም ስፕሪንግስ የሚባል ፍል ውሃ አለ። ሙቀቱ 31 ዲግሪ ያህል ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት የተባሉ ሰው በ1921 እ.ኤ.አ. እግራቸው ሰለለ። ያኔ 39 ዓመታቸው ነበር። በ1924 እዚያ ሄደው ታጠቡ። በ1927 የልጅነት ልምሻ ለያዛቸው መታከሚያ አቋቋሙ። ብዙ ልጆችም እዚያ ታከሙ። ሰውዬው ኋላ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያለ ድጋፍ ግን አልሄዱም። ውሃው ጉልበት ይሰጣል እንጂ ልምሻን አይነቅልም፤ እውነቱ ይነገር። ልምሻን አስቀድሞ የሚከለክለው ክትባት ነው።

ታዲያ ልጃችሁን ወንዝ ውስጥ አትንከሩት። ብርድ አለ፣ ቢልሃርዝያ አለ፣ መስጠምም አለ። ጓዳም አትደብቁት። ሆስፒታል ውሰዱትና ፊዚዮቴራፒ የሚሠራ ባለሙያ ጠይቁ። እሱ እግሩን አይቶ ለቤት የሚሆነውን እንቅስቃሴ ለእናንተም ያሳያችኋል።