ስለ ፎር ዊል መኪና ብልሽትና ጥገና፤ ከእንጦጦ ቁልቁለት የተማርሁት

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ መኪና ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ መካኒክ ነኝ ማለቴ አይደለም። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ነገር ግን ቤታችን በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ስለ ሆነ፥ የክፍል ጓደኞቼም ከኮተቤ፥ ከካራና ከየካ ሚካኤል አካባቢ ስለሚመጡ፥ ወላጆቻችን በየዕለቱ የሚወጡትና የሚወርዱት ዳገት አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ዳገት ላይ ላንድ ክሩዘር፥ ላንድሮቨር፥ ራቭ ፎርና ቪታራ የሚባሉት መኪናዎች በብዛት ይታያሉ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ ባለቤቶቻቸው ያላቸውን አሮጌ መኪና ጠብቀው ማቆየት ግድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ብጽፍ ለአንዳንድ ወላጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. የካቲት 16 ቀን፥ የኪዳነ ምሕረት በዓል ዕለት ነው። አባቴ፥ አያቴ፥ ሁለት ታናናሽ እኅቶቼና እኔ በአሮጌው ላንድ ክሩዘራችን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደርሰን ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር። አያቴ ጸበል የሞሉትን ጄሪካን በእግራችን መካከል አስቀምጠውታል። መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ስለ ነበር አባቴ እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሡ፥ ናፍታ ለመቆጠብም ማርሹን ፎሌ አድርገው ቀስ እያሉ ይወርዱ ነበር። ግማሽ ያኽል እንደ ወረድን የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ መጣ። ሰው ቆሻሻ የሚያቃጥል መሰለንና መስኮቱን ዘጋን። ጥቂት እንደ ሄድን አባቴ ፍሬኑን ቢረግጡት ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደግመው ረገጡት፤ ያው ነው። ፊት ለፊታችን ነጠላ የለበሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ይወርዳሉ። አባቴ አንድ ቃል ሳይናገሩ በአንድ እጃቸው ክላክሱን እየነፉ፥ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ማርሹን ሁለተኛ፥ ቀጥሎም አንደኛ አስገቡት። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን ተያዘ። ከዚያም የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳቡ፥ በቀኝ በኩል ካለው የአፈር ግድግዳ ጋራ አስጠግተው አቆሙት። የመኪናው ጎን ተፋቀ እንጂ በሰው ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰም።

እኔ ጄሪካኑን አንሥቼ በጋለው ጎማ ላይ ውሃ ላፈስ ስል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከለከሉኝ፤ አባቴ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል ብለው፥ አያቴ ግን ጸበል ነው ብለው። ግማሽ ሰዓት ያኽል ተቀምጠን ፔዳሉን ብንሞክረው እንደ ቀድሞው ጠንክሮ አገኘነው። በማግሥቱ የሄድንበት ጋራዥም ሞክሮ «ፍሬኑ ደኅና ነው» ብሎ መለሰን። አባቴ ግን ልባቸው ስላላመነ ወደ ሌላ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዱት። እርሳቸው ጎማ እንኳ ሳይፈቱ የፍሬኑን ዘይት ዕቃ ከፈቱና በጣታቸው ነክተው አሳዩን፤ ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። «ይህ መቼ ተለወጠ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ መኪናውን ከገዙ ስድስት ዓመት ሆኖአቸዋል፤ መልስ አልነበራቸውም።

የዚህን ነገር ምክንያት ለመረዳት ከፊዚክስ ትምህርታችን መነሣት ያስፈልጋል። ፍሬን የመኪናውን ጉልበት አያጠፋውም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። ሰዎችን ጨምሮ ክብደቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ከፍታው 400 ሜትር ከሆነ ቦታ በፎሌ ቢወርድ፥ የሚለቀቀው ጉልበት 7,840,000 ጁል ነው። ይህም 27 ሊትር ያኽል ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ሊያሞቅ ይችላል። አያቴ ጸበል የቀዱበት ጄሪካን የሚይዘው 25 ሊትር ነው። ከሙቀቱ ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ግን የፍሬኑ ሸራ፥ ዲስኩና ታምቡሩ ይሸከሙታል።

እንግዲህ ሙቀቱ ወደ ፍሬኑ ዘይት ሲደርስ ነው ጉዱ የሚመጣው። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ እንደ ሞተር ዘይት አይደለም፤ ከአየሩ ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 የሚባለውም ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፥ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ የአባቴ እግር እንፋሎቱን ያምቅ ነበር እንጂ ኃይሉ ወደ ሸራው አልደረሰም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ይጠነክራል። የመጀመሪያው ጋራዥ የተሳሳተውም በዚሁ ነው፤ የቀዘቀዘ ፍሬን ፈትኖ ደኅና ነው አለ።

ጥገናው ውድ አልነበረም። ሽማግሌው መካኒክ አሮጌውን ዘይት አስወጥተው በአዲስ ለወጡት፤ ከመርገጫው እጅግ ከራቀው ጎማ ጀምረው በየተራ አየሩን አወጡ፤ ከሙቀት የተነሣ እንደ መስተዋት የለሰለሰውን ሸራም በአዲስ ተኩ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይበቃል። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ቅባት በፍሬኑ ዕቃ ውስጥ መጨመር ግን ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋልና ፍሬኑን በሙሉ ያበላሻል። ይህን ስሕተት ብዙ ሰው «ዘይት ዘይት ነው» እያለ እንደሚፈጽመው ነግረውናል።

ዋናው መድኃኒት ግን አነዳዱ ነው። ብዙ ሰዎች መኪናዬ ፎር ዊል ስለ ሆነ ቁልቁለት አያስፈራኝም ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ፎር ዊል ማለት ሞተሩ አራቱንም ጎማዎች ይነዳል ማለት ነው፤ ሲያቆም ግን ትንሿም የቤት መኪና በአራቱም ጎማዋ ነው የምታቆመው። ፎር ዊሉ ደግሞ ይከብዳልና ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀት ይበዛል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን አይታችሁ እንደ ሆነ፥ ቁልቁለት ላይ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ እንጂ ሮጠው ለመቆም አይታገሉም። ዝቅተኛ ማርሽም እንዲሁ የመኪና አጭር እርምጃ ነው። ወደ ላይ በወጣንበት ማርሽ፥ ማለትም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ፥ ወደ ታች መውረድ፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ ሳያነሡ አለመርገጥ። በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውም ከንቱ ነው፤ በዘመናችን መኪና እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ማርሹ እንደ ገባ ነዳጁ ራሱ ይቋረጣል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ ስለሚመጣ፥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፥ መሪውም ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ስለ ዳገቱ ጥቂት ልናገር። ወደ እንጦጦ ስንወጣ መኪናው የሚደክመው አርጅቶ ብቻ አይደለም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ እጅ ያኽል ብቻ ስለ ሆነ፥ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሢሶ የሚጠጋውን ያጣል። አሮጌ ናፍታ ሞተር ጥቁር ጭስ የሚያወጣውም አየሩ ሲያንስ ፖምፓው የሚሰጠው ናፍታ ስለማያንስ ነው፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተዘጋ ደግሞ ይብሳል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ለመሆኑ፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆም ነጭ ጭስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ በተበላሸ ጋርኒሲዮን በኩል ለመግባቱ ምልክት ነው።

ውሃም በዚያ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ታዲያ ሞተራችን ከ90 በላይ እየሞቀ ውሃው ለምን አይፈላም ቢባል፥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። በብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው ይኸው የግፊቱ ልክ ነው፤ እርሱ በደኅና ሲሠራ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የክዳኑ ጎሚኒ ከተበላ ግን መኪናው ሽቅብ ላይ በየጊዜው ይፈላል፤ ባለቤቱም ራዲያተር ወይም ቴስታታ ለማስቀየር ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ርካሹን ነገር፥ ክዳኑን፥ ማኒኮቶውንና ቺንጋውን መመልከት ይገባል። የፈላ ሞተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፎር ዊሉን ማንሻ በደረቅ አስፋልት ላይ ማስገባት አይገባም። መኪና ሲጠመዘዝ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ በጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያስተካክላል፤ አስፋልት ግን ጎማውን ስለሚይዘው ኃይሉ በክሮቼራውና በማርሽ ሣጥኑ ላይ ያርፋል፥ ማንሻውም አልወጣም ይላል። እንዲህ ሲሆን ቀጥ ባለ መንገድ ጥቂት ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። ይህ የተባለው በማንሻ ለሚገባው ነው፤ እንደ ብዙዎቹ ራቭ ፎሮች በራሱ የሚሠራውን አይመለከትም።

ፍሬን ቁልቁለት ላይ እምቢ ካለ፥ ፔዳሉን ደጋግሞ በፍጥነት መርገጥ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ኃይል ይመልሳል፤ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ማውረድ፥ የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ መሳብ፥ ከዚያም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወገን መጠጋት ነው። አባቴ በዚያ ቀን ያደረጉት ይህንኑ ነበር። አሁን የሞተሩን መክደኛ ስትከፍቱ በውስጥ በኩል የተለጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ፤ በአባቴ የእጅ ጽሕፈት «የፍሬን ዘይት፤ የካቲት 2017 ተለወጠ፥ የካቲት 2019 ይለወጣል» ይላል።