ጠዋት 12 ሰዓት ለኮምፒውተር ስንት ሰዓት ነው?

«ሰዓቱ በእኛ ነው በፈረንጅ?» ይህን ሳይጠይቅ ቀጠሮ የሚይዝ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ትኬት ላይ «12፡00» ተብሎ ቢጻፍ ተሳፋሪው ንጋት ላይ መናኸሪያ ይገኛል። ያንኑ ቁጥር የተቀበለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን እኩለ ቀን ብሎ ይመዘግበዋል፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ከተሻገረ ቆይቷል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሠሪው ያንን የተለመደ ጥያቄ እንዲጠይቅ አላስተማረውም እንጂ።

ፕሮግራመሮች ቀንና ሰዓትን አንድ ላይ አስረው የሚይዙበት ዕቃ «ኦብጀክት» ይባላል። ይህ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ይይዛል፤ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም። ሁለተኛው የሰዓት ሰቁን ጭምር ይይዛል፤ ለኢትዮጵያ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ተብሎ በዓለም አቀፉ የሰቆች መዝገብ የተጻፈው ስም ዩቲሲ ከተባለው መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት እንደምንቀድም ይነግረዋል። የፓይተን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ዕትም 3.9 ጀምሮ ይህን መዝገብ የሚያነብበት መሣሪያ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። የእኛ አገር ፕሮግራም ሁልጊዜ ሁለተኛውን ዓይነት ሊጠቀም ይገባል። ከንጋት የሚጀምረው አቆጣጠራችን ደግሞ ራሱን የቻለ ሰቅ ስላልሆነ ከሰው ስንቀበልና ለሰው ስናሳይ ብቻ የሚተረጎም ንባብ ሆኖ ይቀመጥ። 6 ሰዓት ቀንሶ በዳታቤዝ ማስቀመጥ ቅጽበቱን ራሱን ያዛባል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ያልነው ለኮምፒውተሩ ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። ሰቁን ቦነስ አይረስ ላይ ብናደርገው በእርግጥ ቁጥሩ ከእኛ ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ ነገር ግን አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ እንዳደረገችው ሰዓቷን ወደፊት ስትገፋ የእኛም ቀጠሮ አብሮ ይገፋል።

«ኢትዮጵያ አንድ ሰቅ ብቻ አላት፤ በበጋና በክረምትም ሰዓት አትቀይርም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። ሰዓታችን መጽናቱ እውነት ነው፤ ጎረቤቶቻችን ግን ይቀይራሉ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 መጀመሪያ፣ ደቡብ ሱዳን ደግሞ በየካቲት 2021 መጀመሪያ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደኋላ መልሰዋል። ከዚያ ወዲህ መተማ ላይ ያለ ነጋዴና ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ላይ ያለው ደንበኛው በአንድ ሰዓት ይለያያሉ። ዋሽንግተን ያለ ወገናችንም በክረምታቸው በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የእኛም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ያው መዝገብ ኢትዮጵያ ወደ ሙሉ 3 ሰዓት የተሻገረችው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው ብሎ ጽፏል፤ የመዝገቡ አዘጋጆች ራሳቸው ግን ይህን መረጃ እንደሚጠራጠሩት አስፍረዋል። እንዲህ የሚለዋወጥና የሚታረም ነገር በመዝገብ ይያዝ እንጂ «ሦስት ደምር» ተብሎ ኮድ ውስጥ አይቀበር። ወደፊት ለሚሆን ቀጠሮም የአገሩን ሰዓት ከሰቁ ስም ጋር ማኖር ይሻላል፤ ሕጉ ቢለወጥ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ያሰላዋል።

ሌሎች ደግሞ «የፈረንጁን ሰዓት ተቀብለን እንገላገል» ይላሉ። የጎጃም ደጋ ግን ለዚህ የራሱ መልስ አለው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ በመሆኗ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከንጋት መቁጠር ለገበሬውም ለገበያተኛውም ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ቋንቋችንም ሊያሻማ የሚችለውን ቦታ አስቀድሞ ዘግቶታል፤ «ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት» የተባለ ሰው ማክሰኞ ነው ረቡዕ ብሎ አይጠራጠርም። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ጊዜን መቁጠር የሚጀምሩበት ቅጽበት፣ ማለትም የ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ በዩቲሲ፣ በእኛ ሲነበብ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቅጽበቱ አንድ ነው፤ ንባቡ ሁለት። አንዱን ለማክበር ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

የቀረው ሥራ የእኛ ነው። የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ዛሬ ጳጉሜን ጨምሮ 13ቱን ወሮቻችንን ቆጥሮ ያሳያል፤ ከንጋት የሚቆጠረውን ሰዓትና «አጥቢያ»ን ግን አያውቅም። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ ኮምፒውተር የምትማሩ ወጣቶች፣ የመጀመሪያ ፕሮግራማችሁን ስትጽፉ ቅጽበቱን ከነሰቁ ያዙ፤ ከዚያም እናቶቻችሁ በሚያነቡት ሰዓት አሳዩ።