የእድሩ መዝገብ የት ገባ? ዊንዶውስ ከማሳደጋችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ጋርላንድ የሚኖሩት የእድራችን ጸሐፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መዝገቡ ጠፋ!» አሉኝ። ከ15 ዓመት በላይ የተያዘ የአባላት ስም፣ መዋጮና አገር ቤት ያሉ ተጠሪዎች ዝርዝር ነው። ሰው ቢሞት ለማን እንደሚደወል የሚታወቀው ከዚያ ነው።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ልጃቸው ወደ 11 አሳድጎላቸዋል። ዶክመንትስና ዴስክቶፕን ባክአፕ አድርጎ፣ የቀረው እንዳይቀመጥ መርጧል። መዝገቡ ግን ሁለቱም ጋ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሲጽፉ የት ነበር ሴቭ የሚያደርጉት?» አልኳቸው። «እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ነዋ!»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ አሮጌ ፕሮግራም በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ልጻፍ ሲል ዊንዶውስ ፋይሉን በስውር ወደ ተጠቃሚው አፕዳታ፣ ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል ፎልደር ይወስደዋል። ፕሮግራሙ ፋይሉን በቦታው ያለ ያህል ያየዋል፤ ሰው ግን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም።

ዊንዶውስ ሲያድግ የድሮውን ዊንዶውስ ፋይሎች ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ያቆያል፤ ግን በተለምዶ ለ10 ቀን ብቻ ነው። እኔ የደረስኩት በስምንተኛው ቀን ነበር። መዝገቡን እዚያው ቨርቹዋል ስቶር ውስጥ አገኘሁት፤ መጀመሪያ ኮፒ አደረግሁት።

ስከፍተው ግን የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆነ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ይህ ፕሮግራም ግን የላቲን ኮዶችን በአማርኛ ቅርጽ የሚያሳይ የራሱ ፎንት ነበረው። ፎንቱን ከዊንዶውስ ኦልድ አምጥቼ ስጭነው ፕሮግራሙ አላየውም። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 ወዲህ ፎንት በተጠቃሚው ፎልደር ብቻ ሊጫን ይችላል። «ለሁሉም ተጠቃሚዎች ጫን» ስለው ታየ።

የዎርዱ አድ-ኢን ግን እምቢ አለ። እሱ 32 ቢት፣ አዲሱ ኦፊስ 64 ቢት ነው፤ 32 ቢት ዲኤልኤል 64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በፓይተን አጭር ስክሪፕት ጽፌ መዝገቡን ወደ ዩኒኮድ ቀየርኩት። አንዳንዱ ፊደል በሁለት ኮድ ስለሚጻፍ ረጃጅሞቹን ማስቀደም ግድ ነበር።

ከማሳደጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፕሮግራሙ የት ተጫነ? ፋይሉን የት ይጽፋል? ተቀጥላው ስንት ቢት ነው? ፕሮግራም የምትሠሩ ደግሞ የሰው ፋይል በተጫነበት ፎልደር አታስቀምጡ።

ጋሼ ስሞቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ «በል አሁን በወረቀት አትምልኝ» አሉ። አተምኩላቸው።